የሕክምና ካርድና የኮድ ኦዲተር ለመሆን፦ ከካርድ ክፍል እስከ መድህን ቢሮ

ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። የቆየ ደም ግፊት አለባት፤ ሰሞኑን ደግሞ ስኳር ተገኝቶባታል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ስለሆነች መታወቂያዋን ይዛ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ካርድ ክፍሉ ፎልደሯን ያወጣል፤ ሐኪሙ ይመረምራል፣ ይጽፋል፤ ላቦራቶሪው ውጤት ይልካል፤ ፋርማሲው መድኃኒት ይሰጣል። እሷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ወረቀቱ ግን ጉዞውን ገና መጀመሩ ነው። የዚያ ዕለት ሕክምናዋ በክፍሉ መዝገብ ላይ አንድ መስመር፣ በወርሃዊው ሪፖርት ውስጥ አንድ ቁጥር፣ ለመድህን በሚቀርበው የክፍያ ጥያቄ ላይ አንድ ሒሳብ ይሆናል።

እነዚህ ከካርዱ ጋር ካልተስማሙ ጉዳቱ ዞሮ እሷው ላይ ይወድቃል። ስኳሯ ካልተመዘገበ ጤና ጣቢያው ለሚቀጥለው ዓመት የስኳር መድኃኒት አሳንሶ ይጠይቃል። ያልተሰጠ አገልግሎት ከተጠየቀበት ጎረቤቶቿ አዋጥተው የሞሉት የመድህን ቋት ይጎድላል። ፎልደሯ ከጠፋ ደግሞ ቀጣዩ ሐኪም ታሪኳን ሳያውቅ ያክማታል።

ይህን ሁሉ ከምንጩ ጋር የሚያስተያየው ባለሙያ የሕክምና መዝገብና የኮድ ኦዲተር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው የጤና መረጃ ቴክኒሺያን፣ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ፋርማሲስት ወይም የጤና ተቋም ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ደንብ ይዘው ይሂዱ፦ ምንም ነገር ሲመረምሩ ከካርዱ ይነሱ፤ ሲጨርሱም ወደ ካርዱ ይመለሱ።

1. መነሻዎን ይለዩ

ብዙዎች ወደዚህ ሥራ የሚገቡት ከሌላ የጤና ሙያ ነው። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ ሠልጥነው የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ያለፉ የጤና መረጃ ቴክኒሺያኖች፣ በተለምዶ ኤችአይቲ የምንላቸው፣ የካርድ አያያዙንና የሪፖርቱን ሥርዓት ያውቃሉ፤ የሚጎድላቸው ብዙውን ጊዜ የሕክምናው ይዘት ነው። ነርሶችና ጤና መኮንኖች በሽታውንና ሕክምናውን ያውቃሉ፤ ለምደባና ለሪፖርት ሕግ ግን አዲስ ናቸው። የሒሳብ ባለሙያ ማስረጃ መመርመር ይችላል፤ የሕክምና ቃላትንና የሰውነት አሠራርን መማር ይኖርበታል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት በሦስት ይክፈሉ። “ሕክምና”፣ “ምደባና መረጃ”፣ “ኦዲትና ሕግ” ብለው ይጻፉና በእያንዳንዱ ሥር የሚችሉትንና የማይችሉትን ይዘርዝሩ። የማይችሉት የበዛበት ዓምድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትምህርትዎ ነው። በዲግሪ ደረጃ መማር ለሚፈልጉ የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምሩት መካከል ናቸው።

2. ካርድ ክፍል ገብተው ይማሩ

የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ካርድ ክፍል ነው። በሾላና በመገናኛ አካባቢ የሚኖር ሰው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጤና ጣቢያዎች አሉለት፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ያገለገለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም ከዚያ ብዙም አይርቁም። ለተቋሙ ኃላፊ ደብዳቤ አስገብተው በፈቃድ የልምምድ ጊዜ ይጠይቁ። ያለ ፈቃድ አንድ ፎልደር እንኳ አይክፈቱ።

እዚያ ሲገቡ የሚከተሉትን በዓይንዎ ይከታተሉ።

የካርድ ቁጥር። መርሁ አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎልደር የሚል ነው። ካርዷን የጣለች ታካሚ በስሟ የምትፈለገው በማውጫ ካርዱ (ኤምፒአይ) ነው። ፎልደሩ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው የመከታተያ ካርድ መግባት አለበት፤ ያለበለዚያ ማን እንደወሰደው አይታወቅም።

የስም አጻጻፍ። “ፀሐይ”፣ “ጸሐይ”፣ “ፀሀይ” እና “ጸሃይ” አንድ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ማውጫው በፊደል ተራ ስለሚደረደር አንዱ ሠራተኛ በፀ፣ ሌላው በጸ ከጻፈ ታካሚዋ አትገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። ያን ጊዜ ደም ግፊቷ በአንዱ ፎልደር፣ ስኳሯ በሌላው ይቀራል። የቤተሰብ ስም በማንጠቀምበት አገር ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሦስቱም ካልተጻፉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ድርብ ካርድ ሲፈልጉ ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን እያቀያየሩ ይፈልጉ፤ ዕድሜንና አድራሻንም ያመሳክሩ።

ቀንና ሰዓት። ካርዱ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይጻፋል፤ የላቦራቶሪ ማሽኑ በፈረንጅ ቀን ያትማል። በተጨማሪ እኛ ቀኑን የምንለውጠው ሲነጋ ነው፤ ማሽኑ ግን በእኩለ ሌሊት ይለውጣል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የወለደች እናት በማዋለጃ መዝገብ ላይ በአንድ ቀን፣ በማሽኑ ወረቀት ላይ በሚቀጥለው ቀን ልትገኝ ትችላለች። ጀማሪ ኦዲተር ይህን ሐሰተኛ መዝገብ ብሎ ይጽፋል። እርስዎ ግን ሁለቱን አቆጣጠሮች መጀመሪያ ያስማሙ፤ ከዚያ ይፍረዱ።

የጽሑፉ ሙሉነት። እያንዳንዱ ጉብኝት ቀን፣ የመጣችበት ምክንያት፣ የሕመሙ ታሪክ፣ የአካል ምርመራ፣ የታዘዘ የላቦራቶሪ ምርመራና ውጤቱ፣ የበሽታው ስም፣ የተሰጠው ሕክምና፣ ቀጠሮ፣ የባለሙያው ስምና ፊርማ ሊኖሩት ይገባል። በሙያው “ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል” ይባላል። ሐኪሙ እግሯን መርምሮ ሊሆን ይችላል፤ ካልጻፈው ግን ለቀጣዩ ሐኪምም ለኦዲተሩም ምርመራው የለም።

3. የበሽታ ምደባን በሥርዓት ይማሩ

ኮድ ማለት አንድን በሽታ የትም አገር ያለ ባለሙያ በአንድ ዓይነት እንዲያነበው የሚሰጥ መለያ ነው። የዛሬው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ አይሲዲ የምንለው፣ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1893 ዣክ በርቲዮን ያዘጋጀው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። አሁን የሚመራው በዓለም ጤና ድርጅት ነው። አሥረኛው እትም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ፤ አሥራ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከዚህ ዓለም አቀፍ ምደባ ተነሥቶ ለአገራችን ተቋማት ብሔራዊ የበሽታዎች ምደባ አዘጋጅቷል፤ ባለሙያዎች ኤንሲኦዲ ይሉታል። በተቋምዎ መዝገብ ላይ አሁን የሚሠራበት የትኛው ምደባ እንደሆነ ይጠይቁና አስቀድመው እሱን ይያዙ፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ምደባ ይሻገሩ።

አሥረኛው እትም ሦስት ቅጽ አለው፦ የኮዶቹ ዝርዝር፣ የአጠቃቀም መመሪያው፣ የፊደል ተራ ማውጫው። አሠራሩ ሁልጊዜ ይህ ነው። በመጀመሪያ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የበሽታ ስም ያገኛሉ። ቀጥለው ስሙን በማውጫው ይፈልጋሉ። ከዚያ ማውጫው የሰጠዎትን ኮድ በዝርዝሩ ውስጥ ከፍተው ከሥሩ ያሉትን “ይህንም ይጨምራል” እና “ይህን አይጨምርም” የሚሉ ማስታወሻዎች ያነባሉ። ከማውጫው ብቻ ኮድ ወስዶ መሄድ የስህተት ሁሉ መጀመሪያ ነው።

በሾላዋ የበርበሬ ነጋዴ እንለማመድ። ለደም ግፊቷ የአሥረኛው እትም ኮድ አይ 10 ነው። ለስኳሯ ካርዱ “ዓይነት 2” ብሎ ውስብስብ ችግር ካልጠቀሰ ኢ 11.9 ይሆናል። ሐኪሙ ስኳሩ ኩላሊቷን እንደጎዳ ከጻፈ ግን ኢ 11.2 ነው። የላቦራቶሪ ወረቀቱ የኩላሊት ውጤት ከፍ ማለቱን እያሳየ ሐኪሙ ግን ምንም ካልጻፈ ምን ያደርጋሉ? ኮዱን ራስዎ ከፍ አያደርጉም። ሐኪሙን በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም “የኩላሊት ጉዳት ብለው ይጻፉልኝ” የሚል ሳይሆን “ይህ ውጤት ምን ትርጉም አለው?” የሚል ክፍት ጥያቄ ይሁን። በሽታ የመሰየም ሥልጣን የሐኪሙ ነው።

ወባም ጥሩ መለማመጃ ነው። ፋልሲፓረም ቢ 50፣ ቫይቫክስ ቢ 51፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ ወባ ቢ 54 ነው። ሐኪሙ በካርዱ ላይ ቫይቫክስ ብሎ ጽፎ ሳለ መዝገቡ ላይ ቢ 54 ካዩ ጽሑፉ የሰጠውን ዝርዝር ኮዱ ጥሎታል ማለት ነው፤ የፋልሲፓረምና የቫይቫክስ ሕክምና ስለሚለያይ ልዩነቱ የመድኃኒት ዕቅድን ያዛባል።

ከበሽታው ስም በፊት የጥያቄ ምልክት ሲያዩ ደግሞ ልብ ይበሉ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት አንድ የሕክምና ጊዜ አልቆ ዋናው በሽታ አሁንም “የተጠረጠረ” ተብሎ ከቀረና ሌላ መረጃ ከሌለ እንደተረጋገጠ ተደርጎ ይመደባል። በአሜሪካ የተመላላሽ ሕክምና ደንብ ግን የተጠረጠረ በሽታ አይመደብም፤ ምልክቱ ነው የሚመደበው። ኦዲት ከመጀመርዎ በፊት የሚፈርዱበት ደንብ የቱ እንደሆነ በቅጹ አናት ላይ ይጻፉ።

የአሥራ አንደኛው እትም ማሰሻና የኮድ መፈለጊያ በዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ስልክ ላይም ስለሚከፈት በቀን አምስት በሽታ ይመድቡ፤ አሥረኛው እትም ላይ ያገኙትን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

4. ከመዝገብ ወደ ሪፖርት ያለውን መንገድ ይከተሉ

ኢትዮጵያ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ “የመረጃ አብዮት”ን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጋ ነበር። ዛሬ የተቋማት ሪፖርት የሚገባው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ኦዲተሩ ማወቅ ያለበት ከካርዱ እስከዚያ ቁጥር ድረስ ያለውን እያንዳንዱን እጅ ነው፦ ካርድ፣ መዝገብ፣ የቆጠራ ቅጽ፣ ሪፖርት።

የሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ 20 ነው። የሐምሌ ሪፖርት የሚሸፍነው ከሰኔ 21 እስከ ሐምሌ 20 ያለውን ነው፤ ሐምሌ 22 የታከመች ሴት የምትቆጠረው በነሐሴ ነው። በዚሁ ስሌት የመስከረም ሪፖርት ጳጉሜን ስለሚያጠቃልል 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። በመስከረም የታካሚ ቁጥር ከፍ ሲል በሽታ ጨመረ ከማለትዎ በፊት ለቀኑ ብዛት ያካፍሉ።

ሁለት መሣሪያዎች ይለማመዱ። የመጀመሪያው ተቋማት በየወሩ የሚሠሩት ኤልኪውኤኤስ የሚባለው የጥራት ፍተሻ ነው፤ ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዘፈቀደ ይመረጡና ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ፣ የሚስማሙት ተቆጥረው ደረጃው ከሠንጠረዥ ይነበባል። ሁለተኛው የማረጋገጫ ምጣኔ ነው። ከመዝገቡ ራስዎ የቆጠሩትን ለሪፖርቱ ቁጥር ያካፍላሉ። መዝገቡ 84፣ ሪፖርቱ 96 ካለ 84 ለ96 ሲካፈል 0.875 ይሆናል። ተቀባይነት ያለው ክልል ከ0.90 እስከ 1.10 በመሆኑ ይህ ወጥቷል፤ ከ1 በታች መሆኑም ሪፖርቱ መጋነኑን ያሳያል። ከዚያ በመዝገቡ ላይ አይቁሙ፤ ከ84ቱ ጥቂቶቹን ይምረጡና ፎልደራቸውን ያስወጡ። መዝገብና ሪፖርት ተስማምተው ካርዱ ላይ ግን አገልግሎቱ ያልተጻፈበት ጊዜ አለ።

5. የመድህን ክፍያ ጥያቄን መመርመር ይልመዱ

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ወደ አዲስ አበባም ተስፋፍቷል። መድህኑ በሰፋ ቁጥር ወረቀቱን የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ጤና መድህን አገልግሎት፣ የመድህን ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ሽፋን የሚሸጡ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ በቦሌ ያሉ የግል ሆስፒታሎች የሒሳብ ክፍሎች ሁሉ ይህን ሥራ ያውቁታል።

አንድ የክፍያ ጥያቄ ሲደርስዎ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

በመጀመሪያ አባልነት፦ በታከመችበት ቀን መዋጮዋ ታድሷል? መታወቂያው ላይ ያለው ስም ከካርዱ ጋር ይስማማል?
ቀጥሎ አገልግሎት፦ የተጠየቀው እያንዳንዱ ምርመራ በካርዱ ታዟል? ውጤቱስ ተያይዟል?
ከዚያ ተዛማጅነት፦ የታዘዘው መድኃኒት ከተጻፈው በሽታ ጋር ይሄዳል? ለደም ግፊት ብቻ የመጣች ሴት ላይ ምክንያቱ ያልተጻፈ መርፌ አንቲባዮቲክ ካዩ ጥያቄ ያንሱ።
ከዚያ መጠንና ዋጋ፦ በማዘዣው የተጻፈው ብዛት ከተሰጠው ጋር እኩል ነው? ዋጋው ከተቋሙ የጸደቀ ታሪፍ ጋር ይስማማል?
በመጨረሻ ድግግሞሽ፦ ያው ታካሚ፣ ያው ቀን፣ ያው አገልግሎት ሁለት ጊዜ ተጠይቋል? የስም አጻጻፉን እዚህም እያቀያየሩ ይፈልጉ።

ሾላ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው የተጠቀለለበትን ቅጠል አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ገልጦ ያሸትታል፣ ውስጡን ይወጋል። የክፍያ ጥያቄም እንዲሁ ነው፤ ማኅተሙ ማማሩ ማስረጃ አይሆንም። በሌላ በኩል ተቋሙ የሠራውን ሳይጠይቅ የቀረበትንም ይጻፉለት። ያነሰውን ትቶ የበዛውን ብቻ የሚያድን ኦዲተር ሚዛኑን ስቷል።

6. ናሙና አውጥተው ትንሽ ኦዲት ይሥሩ

ሁሉንም ካርድ ማየት አይቻልም፤ የሚወዱትን መምረጥም አይፈቀድም። በወሩ 600 ጉብኝት ካለና 30 ካርድ ማየት ከቻሉ 600ን ለ30 ያካፍሉ፤ 20 ይወጣል። ከ1 እስከ 20 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያውጡ፤ 7 ከወጣ 7ኛውን፣ 27ኛውን፣ 47ኛውን እያሉ ይሂዱ። ፎልደሩ ከጠፋ በሌላ አይተኩት፤ “አልተገኘም” ብለው ይቁጠሩት። የጠፋ ካርድ ራሱ ግኝት ነው።

የኦዲት ቅጽዎ አንድ ገጽ ይሁን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ “አዎ”፣ “አይደለም”፣ “አይመለከተውም” ይበቃል። ከሌላ ባለሙያ ጋር አምስት ካርዶችን ለየብቻ መርምሩና ውጤታችሁን አስተያዩ፤ የምትለያዩበት ጥያቄ አሻሚ ስለሆነ ይስተካከል።

7. ምስጢር ይጠብቁ

በየቀኑ የሰዎችን የኤችአይቪ ውጤት፣ የአእምሮ ሕመም፣ የእርግዝና ታሪክ ያነባሉ። የጎረቤትዎ ካርድ ሊሆን ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል፤ የሙያ ምስጢር ማውጣትም በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ካርድ በስልክዎ ፎቶ አያንሡ፤ በቴሌግራም አይላኩ፤ በኦዲት ቅጽዎ ላይ ስም ሳይሆን የካርድ ቁጥር ይጻፉ፤ የቅርብ ሰውዎ ካርድ ሲደርስዎ ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፉ። ቤትዎ ሆነው መለማመድ ሲፈልጉ የምናብ ታካሚዎች ካርድ ራስዎ ይጻፉ።

በካርድ ላይም ምንም አይንኩ። ማረም የጸሐፊው ባለሙያ ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን በማጥፊያ ቀለም ሳይሸፍን ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ጽፎ፣ ቀንና ፊርማ ያኖራል።

8. ግኝትን እንዲህ ይጻፉ

ጥሩ ግኝት አምስት ነገር ይዟል። ለምሳሌ፦

መስፈርት፦ እያንዳንዱ ጉብኝት የባለሙያው ስምና ፊርማ ሊኖረው ይገባል።
የተገኘው፦ ከታዩት 30 ካርዶች በ9ኙ ላይ ፊርማ እንጂ ስም የለም።
ምክንያት፦ ለተመላላሽ ክፍል ባለሙያዎች የስም ማኅተም አልተሰጠም።
ውጤት፦ ስለ ሕክምናው መጠየቅ ሲያስፈልግ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የመድህን ክፍያም ሊዘገይ ይችላል።
ምክረ ሐሳብ፦ አስተዳደሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ማኅተም ያሠራ፤ እስከዚያ ስም በእጅ ይጻፍ።

“ሠራተኞቹ ግዴለሾች ናቸው” የሚል ዓረፍተ ነገር በሪፖርትዎ ውስጥ ቦታ የለውም። በአንድ ጠዋት ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም አጭር የሚጽፍበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያገኘ ኦዲተር መፍትሔም ያገኛል። ሪፖርቱ ለኃላፊ ከመሄዱ በፊት ለክፍሉ ያሳዩ፤ ማስረጃ ካቀረቡ ግኝትዎን ያርሙ።

9. የምሥክር ወረቀትና የስድስት ወር ዕቅድ

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ወይም ከዚህ ሆነው ለዚያ ገበያ መሥራት የሚያስቡ፣ ሁለት ማኅበራትን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1928 የተመሠረተው አሂማ ሲሲኤስ የተባለውን የኮድ ፈተና ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ኤኤፒሲ ለኮድ ባለሙያ ሲፒሲን፣ ለኦዲተር ደግሞ ሲፒኤምኤን ይሰጣል። ልምድ የሌለው የሲፒሲ አላፊ በመጀመሪያ የተለማማጅ ምልክት ይጨመርበታል። እዚያ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ የገባው የአሜሪካ የራሱ የአሥረኛው እትም ቅጂ ነው፤ ለሐኪም አገልግሎት ደግሞ ሲፒቲ የተባለ ሌላ የኮድ ሥርዓት አለ። ስለዚህ የዚያን ፈተና መጽሐፍ ይዞ የየካ ጤና ጣቢያን መዝገብ ኦዲት ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ የት እንደሚሠሩ ይወስኑ፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ይክፈሉ። “በሁለት ሳምንት ኦዲተር እናደርጋለን” ለሚል ማስታወቂያ ገንዘብ አይስጡ።

አገር ውስጥ ለሚሠራ ይህ ዕቅድ ይበቃል። አንደኛውና ሁለተኛው ወር ለሕክምና ቃላት፣ ለሰውነት አሠራርና ለካርድ ክፍል ልምምድ ይዋሉ። ሦስተኛው ወር ለብሔራዊው ምደባና ለአይሲዲ ነው። በአራተኛው ወር ከካርድ እስከ ሪፖርት ያለውን መንገድ በእጅዎ ይቁጠሩ፤ በአምስተኛው የመድህን ክፍያ ጥያቄዎችን ልምድ ካለው ሰው ጎን ተቀምጠው ይመርምሩ። በስድስተኛው የ30 ካርድ ኦዲት ሠርተው ሪፖርቱን ለተቋሙ ያስረክቡ። ሥራ ሲያመለክቱ የታካሚ መለያ የሌለበትን ያን ሪፖርት፣ ተቋሙ ከፈቀደ፣ ከምሥክር ወረቀትዎ ጋር ያያይዙ፤ ቀጣሪ ችሎታዎን የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ወደዚያው ክፍል ይመለሱና በዚያው ቅጽ፣ በዚያው የናሙና አወጣጥ ሌላ 30 ካርድ ይመርምሩ። ስም የሌላቸው ካርዶች ከ9 ወደ 2 ወርደው ከሆነ ሥራዎ ለታካሚዎች ደርሷል። 9ኙ 9 ሆነው ከቀሩ ምክረ ሐሳብዎ ከሥራው ጋር አልገጠመም፤ ከክፍሉ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ሌላ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ዙር ጉድለቱን ያሳያል፤ ኦዲተር መሆንዎ የሚለካው በሁለተኛው ዙር ነው።